ትናንት ማታ እዚህ ማን አደረ

ሥራዬ መዝገብ መያዝ ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ገባ ብሎ፣ ወባ ለመከላከል አጎበር የሚያድል አንድ ትንሽ ድርጅት ቢሮ አለው። እኔ እዚያ የመረጃ ጸሐፊ ነኝ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአሥረኛ ክፍል ነው። ኮምፒውተር የለመድኩት ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ሳለ፣ በቀትር፣ ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ጥላ ሥር አስገብቶ ደንበኛ ሲጠፋ ነው። ያስተማረኝ ሰው ስለሌለ አንድን ነገር ሁለቴ ሳላይ አላልፍም። የተማረ ሰው ሲሳሳት «ተሳሳተ» ይባላል፤ እኔ ስሳሳት ግን የሚባለውን አውቃለሁ።

በመዝገቤ ካሉት መንደሮች አንዱን ታች ሰፈር እያልኩ ልጥራው። ከከተማው በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ተኪዶ፣ ከዚያ በእግር ወደ ወንዙ የሚወረድበት፣ ማሾና ሽንኩርት የሚበቅልበት ቦታ ነው። ከመንገዱ በላይ ገደሉ ይነሣል፤ ከገደሉ አናት ላይ ነፋሻ ሸንተረር አለ። ታች ሰፈር ሃያ ስድስት ቤት ነበረው። ቁጥሩን የማልረሳው በየበሩ ላይ በቀይ ቀለም የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አጎበር ሲታደል ቤት ለቤት ዞሬ መዘገብኩ። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ ሁልጊዜ በቀን፣ እየሄድኩ ያንኑ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «ትናንት ማታ በዚህ አጎበር ውስጥ ማን አደረ?» መመሪያው ጥያቄው ቤት ውስጥ፣ አጎበሩ እየታየ ይጠየቅ ይላል። አንድም ቀን ደጅ ቆሜ ጠይቄ አላውቅም።

የታች ሰፈር ሰዎች መልስ አይለያይም ነበር። «ሁላችንም አደርን» ይሉና የቤቱን ሰው አንድ በአንድ በስም ይቆጥራሉ። የታመመ ሰው በሚለው ዓምድ ሥር ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አልገባም። መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲጎድል የሌሎቹ መንደሮች ዓምድ ይሞላል፤ የታች ሰፈር ባዶ ነው። አለቃችን ያንን ገጽ አስፍቶ አሳትሞ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። እንግዳ በመጣ ቁጥር በእስክርቢቶው ጫፍ እየነካ «ሰው በአጎበር ውስጥ ካደረ ይኸው» ይላል።

ድርጅቱን የሚረዱት ሰዎች ግን፣ ሥራው ወደ ሌሎች የቆላ ቀበሌዎች ከመስፋቱ በፊት ከውጭ ገለልተኛ ገምጋሚ ይቀጠር አሉ። ቢጋሩን፣ ማለትም ገምጋሚው ምን እንደሚያይ፣ ማንን እንደሚጠይቅና ምን እንደሚያቀርብ የሚዘረዝረውን ወረቀት፣ እንዳረቅ ለእኔ ተሰጠኝ። «ገምጋሚው ያገኘውን ሁሉ፣ ድርጅቱን የማያስደስት ቢሆንም፣ ሳይቀንስ ይጽፋል» የሚል ዐረፍተ ነገር አስገባሁ። አለቃችን ሌላ ቦታ ሁለት ቃል ለወጠና ፈረመበት።

ለሥራው ከተወዳደሩት ሰዎች ሦስት ሰነድ ገባ። የመጀመሪያው በቀለም ፎቶ የተሞላ ነበር። ሁለተኛው ከሌላ ሥራ የተገለበጠ ነው፤ አንድ ገጽ ላይ የማናውቀው ወረዳ ስም ሳይፋቅ ቀርቶ አገኘሁት። ሦስተኛው የአንዲት ሴት ነው፤ ቀጭን ሆኖ፣ መሐሉ ላይ «አንዱን ጥያቄ ለአንዱ ሰው በተለያየ ቦታና ሰዓት ደግመን እንጠይቃለን» ይላል።

«ይቺ ሴትዮ ታለፋናለች» አለ አለቃችን። «ሁለቴ መጠየቅ ምን ማለት ነው? ሰዉን ውሸታም ማለት አይደለም?»

«እኔም ሁለቴ ነው የማየው» አልኩ። ሰነዶቹን የሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ የገባሁት ቃለ ጉባኤ ልይዝ እንጂ ልናገር አልነበረም።

«አንተማ የጫማህንም ክር ሁለቴ ነው የምታስረው።»

ሳቁብኝ። ግን ሌላኛው የኮሚቴ አባል የተገለበጠውን ሰነድ አይቶ ተናድዶ ስለነበር ከእኔ ጋር ቆመ፤ ቀጭኑ ሰነድ ተመረጠ።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ እህቴ አንድ ነገር ጠይቃኝ ነበር። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ባሏ የማጀቴ ሰው ነው፤ ከተማ ከሚኖር ባለ መሬት ታች ሰፈር ወንዙ ዳር እርሻ በእኩል ይዞ ሽንኩርት ሊተክል ተነሣ። ከሌሎቹ ቤቶች ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ክፍል ቤት ሠራ። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

«መዝገቡን የምትይዘው አንተ ነህ» አለችኝ። «እዚያ ሰው ይታመማል?»

ቢሮ ሄጄ ገጹን ሁለቴ አየሁና ደወልኩላት። «ሦስት ዓመት፣ አንድም ሰው» አልኳት።

«በአላህ በል።»

«እኔ ሳልሆን መዝገቡ ነው የሚለው።»

«አጎበርስ ይሰጡናል?»

«የዘንድሮው እደላ አልፏል፤ በሚመጣው ትመዘገባላችሁ። ደግሞ እዚያ ሰፈር ያን ያህል አያስቸኩልም።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ቃል በቃል ነው የጻፍኩት።

ከገቡ በኋላ አልፎ አልፎ ትደውልልኝ ነበር። በአንዱ ቀን ስለ ጎረቤቶቿ ጠየቅኳት።

«ጨዋ ናቸው» አለች። «ጨዋነታቸው በዛ እንጂ።»

«እንዴት ማለት?»

«መብራታቸው ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። ድምፅ ግን የለም። ልጅ አያለቅስም፣ ሰው አያስልም፣ ውሻ እንኳ የላቸውም። ሃያ ስድስት ቤት አንድ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል?»

«ቀን ሲቆፍር የዋለ ሰው ነዋ።»

«እሱስ እውነትህን ነው። ደግሞ ሁልጊዜ ጀንበር ስታዘቀዝቅ አንዱ በደጃችን ያልፍና ‹ኑ፣ ላይ ቤት እንደር› ይለናል። ላይ ዘመድ አላቸው መሰለኝ። አላህ ይስጥልን፣ ሌላ ቀን እንላለን። በየቀኑ ሰው ቤት ይታደራል እንዴ? እነሱም አይታክቱ፣ በማግስቱ ይደግሙታል።»

የተጋነነ የአገር ቤት ጨዋነት ነው ብዬ አለፍኩት።

ገምጋሚዋ በመስከረም መጨረሻ መጣች። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ዝምተኛ፣ ታብሌት ይዛ ሳለ በእርሳስም የምትጽፍ ሴት ናት። ቤቶቹን ስለማውቅ አብሬያት እንድዞር ተመደብኩ። ታች ሰፈር የገባነው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰዉ ማሳው ውስጥ ነበር፤ ሴቶቹ ከቤት ውጭ ባለ ዳስ ሥር ያበስላሉ። በየቤቱ አጎበሩ ተወጥሮ ተሰቅሏል፤ ሰማያዊነቱ አልደበዘዘም። ቁጥር አሥራ አንድ ቤት ስንገባ ጎንበስ ብላ የአጎበሩን ጠርዝ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«አሽትተው» አለችኝ።

አሸተትኩት። የፋብሪካ ሽታ ነበረው። ከዚያ ያላየሁትን አየሁ፤ ከላስቲኩ ሲወጣ የነበረው የእጥፋት መስመር ሦስት ዓመት ሙሉ ተሰቅሎም አልጠፋም። ያን ቤት አራት ጊዜ ገብቼበት ነበር።

የቤቱ ባለቤት የሰፈሩ ታላቅ ሽማግሌ ነበሩ። ገምጋሚዋ ጥያቄውን እንደ መመሪያው ጠየቀቻቸው፦ «አባባ፣ ትናንት ማታ እዚህ ውስጥ ማን አደረ?»

ሽማግሌው እሷን አላዩም። ወደ አልጋው ዞሩና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጆሮው ለከበደ ሰው እንደሚነገር፣ «እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ። ሁላችንም እዚሁ ነን። የትም አንሄድም» አሉ።

የት ትሄዳላችሁ ያላቸው ሰው አልነበረም።

በቀጣዩም ቤት፣ ከዚያም በቀጣዩ፣ ሰዉ ሲመልስ ፊቱን ወደ አልጋው እንደሚያዞርና ድምፁን እንደሚያነሣ ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት። ስንቱን ዓመት ስጠይቅ አንገቴን መዝገቡ ላይ ደፍቼ ነበር። ገምጋሚዋ «የትም አንሄድም» የሚለውን ጽፋ ከሥሩ አሰመረችበት።

ወንዙ ዳር ያለው ቤት የእህቴ መሆኑን ስነግራት «እንግዲያው አንተ አትገባም» አለችኝና ብቻዋን ገባች። እነሱ በመዝገቡ ስለሌሉ ብዙ አልቆየችም። እህቴ ሸኝታት ስትወጣ እኔን አየችና ሳቀች። «የመዝገቡ ሹም፣ ደጅ አስቀሩህ?» አለችኝ። ፊቷ ገርጥቶ፣ በዚያ ሙቀት ወፍራም ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ ነበር።

«ምን ሆነሻል?»

«ከትናንት ጀምሮ ብርድ ብርድ ይለኛል። የእርግዝና ነው ይላል እሱ።» እሱ የምትለው ባሏን ነው። «ወባ ነው እንዳልል አንተ የለም ብለሃል።»

ነገ ጤና ጣቢያ ውረጂ አልኳት፤ እሺ አለች። ገምጋሚዋ መንገዱን ስንወጣ «ነገ ሳንናገር፣ ሲነጋጋ እንመለሳለን» አለች። ጥያቄውን የምትደግምበት ሰዓት መሆኑ ነው።

በማግስቱ መኪናውን መንገድ ላይ አቁመን ስንወርድ ሰማዩ ገና አመድማ ነበር። የሱብሂ አዛን ተሰማ። ከላይ፣ ከሸንተረሩ ነው የተሰማው። ለሶላት የተነሣ ሰው፣ ውሃ የሚቀዳ፣ የሚያስል ሰው ታች አልነበረም። በሃያ ስድስቱም ቤት ውስጥ ግን መብራት ይበራል። አንዳንዱ ቤት ኩራዝ ነው፤ አብዛኛው ቀን ፀሐይ ላይ የምትሰጣው ትንሿ ሶላር ነች። ብርሃኑ በበሩ ስንጥቅ ይወጣል።

ቁጥር አንድ ደጃፍ ቆመን «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ። ደገምኩት። በሩ አልተቀረቀረም፤ ስነካው ተከፈተ።

አልጋው ላይ አጎበሩ ወርዶ ዙሪያውን ተጠቅጥቋል። ውስጡ ሰው የተኛ መሰለኝና ወደ ኋላ አልኩ። ገምጋሚዋ የእጅ ባትሪዋን አበራች። የወንድ ሽርጥና ሸሚዝ በቁመቱ ተዘርግቷል፤ ከጎኑ የሴት ቀሚስ፣ ከራስጌው ላይ ሻሽ። ከሁለቱ መሐል የሕፃን ሹራብ፣ እጅጌዎቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተው። ከአልጋው ሥር ሁለት ጥንድ ጫማ ተቀምጧል።

ቁጥር ሁለትም እንዲሁ። ቁጥር ሦስትም። በየቤቱ ልብሱ የተዘረጋው በቤተሰቡ ልክ ነው፤ ከመዝገቤ ጋር አመሳከርኩት፣ አንድም አልጎደለም። ስድስት ሰው ባለበት ቤት ስድስት ልብስ። አሥራ አንደኛው ቤት የሽማግሌው ነጭ ጋቢ እንደ ጨዋ ሰው ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ጎኑን ሰጥቶ ተኝቷል። ገምጋሚዋ «እዚህ ቤት» ብላ ጀመረችና ወደ አልጋው አይታ አፏን ዘጋች። ለምን እንዳልጨረሰችው አልጠየቅኳትም፤ እንድትጨርሰው እኔም አልፈለግኩም። ከዚያ በኋላ በሹክሹክታ ነው የተነጋገርነው።

ሃያ ስድስቱን ቤት ስንጨርስ ጎሕ ቀዶ ነበር። ወደ ወንዙ ስንጠጋ ድምፅ ሰማሁ። እስትንፋስ ነው፤ ፈጣን፣ የተቆራረጠ። ያን ሁሉ ቤት ስዞር ያልፈራሁትን ያህል ያኔ ፈራሁ። በዚያ ሰፈር እስትንፋስ ሊኖር እንደማይገባ ልቤ ተቀብሎት ኖሯል። የማን ቤት እንደሆነ ያስታወስኩት ከቆምኩ በኋላ ነው።

እህቴ አልጋው ላይ ተኮራምታ ትንቀጠቀጣለች፤ ጥርሷ ይጋጫል። ባሏ ያለ የሌለውን ልብስ ሁሉ ደርቦላት ራስጌዋ ተቀምጧል። «እኩለ ሌሊት ነው የጀመራት» አለኝ። «ጎረቤት ብጣራ፣ ብጣራ፣ በሩን ብመታ የሚነሣ ጠፋ። መብራታቸው እየበራ።» ድምፁ ውስጥ ቂም ነበረ።

ቀና ብዬ ከአልጋው በላይ ተመለከትኩ፤ ባዶ ጣሪያ ነው። በዚያ ሰፈር ያለው አጎበር ሁሉ ልብስ ላይ ተሰቅሎ፣ እዚያ የሚያድሩት ሁለት ሰዎች ብቻ አጎበር አልነበራቸውም። ያላስመዘገብኳቸው እኔ ነኝ።

በአልጋው ተሸክመናት ወጣን፤ እኔና ባሏ ከፊትና ከኋላ፣ ገምጋሚዋ ከጎን። ዳገቱን ሳንጋምስ የሰፈሩ ሰዎች ዶማና ማጭዳቸውን ይዘው፣ ልጅ አዝለው፣ ተሰልፈው ከላይ ሲወርዱ አገኘናቸው። ዓይናቸው አልጋው ላይ ሲያርፍ አራት ጎልማሶች ዶማቸውን ጥለው አልጋውን ከእጃችን ወሰዱ። ሽማግሌው አጠገቤ መጡ።

«የት ነው ያደረችው?» አሉኝ።

«ቤቷ ነዋ፣ አባባ። እናንተስ የት ነው ያደራችሁት?»

ሽማግሌው ወደ ታች ገልመጥ አሉና ቀደሙ። መንገዱ ትልቁን ድንጋይ ዞሮ ሰፈሩ ከዓይን ሲሰወር ነው የቆሙት። ገምጋሚዋ ትናንት ቤት ውስጥ የጠየቀቻቸውን ደገመችላቸው። «አባባ፣ ትናንት ማታ ታች ማን አደረ?»

«ማንም» አሉ። «እዚያ የሚያድር ጤነኛ ሰው አለ? አባቶቻችንም አላደሩ። ቀን እናርሳለን፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ላይ ቤታችን ነን።»

«ትናንት ግን ሁላችንም አደርን አሉኝ።»

«ቤት ውስጥ ሆነሽ ጠየቅሽኝ፣ ልጄ። ቤቱ ባዶ ያድራል ተብሎ ቤቱ ውስጥ አይነገርም። እሱ ይሰማል። ሰው አለ ብሎ እንዲያልፍ ነው መብራቱም፣ ልብሱም።»

«እሱ ማነው?»

ሽማግሌው በአገጫቸው ወደ አልጋው ጠቆሙ። «ይቺን እንዲህ ያደረጋት» አሉ።

ገምጋሚዋ እርሳሷን አወጣች እንጂ አልጻፈችም። እኔ ግን አንደበቴን መግታት አልቻልኩም። «እህቴን ለምን አልነገራችኋትም?» አልኳቸው። ሽማግሌ ላይ ድምፄን ያነሣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ነገርናት እንጂ። በየቀኑ፣ በየቀኑ ‹ኑ፣ ላይ ቤት እንደር› አልናት። ደጃፏ ላይ ቆሞ ከዚያ በላይ ምን ይባላል? እዚህ ያደረ ይሞታል ተብሎ ይጮኻል?»

«ለይሉኝታ የምትሉን መስሎኝ ነው» አለች እህቴ ከአልጋው ላይ። ዓይኗን አልገለጠችም።

«እኛ ደግሞ» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ከላይ ሆነን መብራታችሁን እናያለን። እነዚህም ደንቡን አውቀዋል፣ አብርተው ሌላ ዘመድ ቤት ያድራሉ አልን። እናንተ የእኛን መብራት አይታችሁ ሰው አለ አላችሁ። ወላሂ፣ መኖራችሁን ያወቀ የለም።»

ጤና ጣቢያ ስንደርስ የጣቷን ደም ወሰዱ። ወባ ነው። መድኃኒቱን ከጀመሩላት በኋላ አዋላጇ የጽንስ ማዳመጫዋን ሆዷ ላይ አድርጋ ጆሮዋን ደፋች። ቀና አለች፤ ቦታ ለወጠች፤ እንደገና ደፋች። የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀቱ እየሰፋ ይንጣጣል። ባሏ ወደ ደጅ ወጣ። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ ከታች ወደ ላይም አነበብኩት። አዋላጇ ሦስተኛ ቦታ ስታዳምጥ የግራ እጇን ጣት እያነሣች መቁጠር ጀመረች። «አለ» አለች። «ደክሟል እንጂ አለ።»

ሦስት ቀን እዚያ ተኛች። በሁለተኛው ቀን አለቃችን ገምጋሚዋን ለማግባባት መጣ። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ ሰማሁ። የታች ሰፈር ነገር በሪፖርቱ እንዳይገባ ለመናት፤ «የአንድ መንደር ልማድ ነው፣ መላውን ሥራ ለምን ያጠለሻል» አላት። እሷ በእርጋታ ቢጋሩን ከቦርሳዋ አውጥታ የፈረመበትን ገጽ አሳየችው። ወደ እኔ ዞሮ «ያንተ ዐረፍተ ነገር ናት አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሪፖርቱ በኋላ ሲወጣ ባዶው ዓምድ የአጎበር ሥራ እንዳልሆነ፣ ሰው የሌለበት ቤት ሰው እንደማይታመምበት፣ መዝጋቢውም ሁልጊዜ በቀንና ቤት ውስጥ ሆኖ እንደጠየቀ ይናገር ነበር። መዝጋቢው ስሙ አልተጠቀሰም። አለቃችን ግድግዳው ላይ ያለውን ገጽ ያነሣው እሱ ራሱ ነው፤ እኔን ከሥራ አላስወጣኝም፣ ለሁለት ወር ያህል ግን አላናገረኝም።

በሦስተኛው ቀን ባሏ እንመለስ ይል ጀመር። ሽንኩርቱ ውሃ ይፈልጋል፤ የመስኖ ተራው ደግሞ አንዳንዴ ማታ ነው የሚደርሰው። «አሁን አጎበር እናገኛለን» አለ። «ወንድምሽ ራሱ ያመጣልናል። መድኃኒቱንም ወስደሻል። ለምንድን ነው እንደ እነሱ የምንሸሸው?»

ያለው ትክክል ነበር። አጎበር ይሠራል፤ ሰው ካደረበት ይሠራል። እኔም ይህንኑ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

«አልመለስም» አለች።

«ለምን?»

ጋደም እንዳለች ጣሪያውን እያየች ነው የተናገረችው። «መጀመሪያ ሰሞን፣ መሸት ሲል፣ ውሃ ልደፋ ስወጣ ወደ ቤቶቹ ሰላም እደሩ እል ነበር። ነውር እንዳይሆን። የሚመልስ የለም። አንዱ ቤት ግን ይመልስ ነበር።»

«የቱ ቤት?» አልኩ።

«ቁጥር ሦስት። ከማንጎው ወዲህ ያለው። ‹አለን› ይለኛል። የሴት ድምፅ ነው። እኔ ‹ሰላም እደሩ›፣ እሷ ‹አለን›። ሌላ ቃል አትጨምርም። ጠዋት ባለቤቲቱን ሳገኛት ምን ዓይነት ቃል ቆጣቢ ሰው ነሽ ልላት አስብና አፍራለሁ።»

«ትኩሳት ነው» አልኳት። «ወባ ጆሮ ላይ ይጮኻል።»

«ትኩሳቱ የጀመረኝ እሑድ ነው። እኔ የምልህ ከነሐሴ ጀምሮ ነው።» ቀኖችን እንደማላቀላቅል ታውቃለች፤ እሷም አታቀላቅልም።

በቁጥር ሦስት ቤት ያን ጠዋት ያየሁትን አውቃለሁ። የሴት ቀሚስ ነበር፣ አረንጓዴ፣ ከወገቡ የተቀደደ። ያንን አልነገርኳትም።

ባሏን ተመለከትኩት። ይሳለቅባታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ የአልጋውን ብረት በጥፍሩ ይፍቃል።

«ያን ሌሊት በራቸውን ስመታ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ቁጥር ሦስትንም መትቼ ነበር። ሰው ታሞብኛል ስል፣ አለን አለችኝ። ስጠብቃት፣ ስጠብቃት አትወጣም። ክፉ ሰው ናት ብዬ ተራግሜ ሄድኩ።»

ስለ ሽንኩርቱ ዳግመኛ አላነሣም።

ሽማግሌው ሸንተረሩ ላይ ካለው ቤታቸው ጀርባ ያለችውን ክፍል ለቀቁላቸው። ባሏ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ታች ወርዶ ዕቃውን አወጣ። አልጋውን ፈትቶ ጀርባው ላይ አሥሮ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ዳገቱን ሲወጣ እኔ ምጣዱንና ጄሪካኑን ይዤ ከኋላው ነበርኩ። ማሳ የዋሉት የሰፈሩ ሰዎች ሲያዩን መንገዱን ለቀው ቆሙልን። የት ትሄዳላችሁ ብሎ የጠየቀን ግን አልነበረም።